ዶኛ ዴያኒራ ያልተቀመጡበት ደለል

እኛ ዘንድ ለደለል ስም የሚያወጣለት የተቀመጠበት ሰው ነው። ደንቡ አጭር ነው። ባሕሩ እየጎደለ ሳለ ጀልባህ ጭቃ ላይ ከቀረች፣ ሙላት መጥቶ እስኪያነሳህ ስድስት ሰዓት ከተጎለትክ፣ በዚህ መሃል ሦስት ጀልባ አልፎ ካየህ፣ ያ ደለል ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንተ ነው። በስምህ ይጠራል፤ ልጆችህም ይሰደቡበታል። ባለስሙ የሞተሩን እጀታ የያዘው ነው እንጂ ተሳፋሪው አይደለም። ሆን ብሎ የተቀመጠ አይቆጠርለትም። ሞተሩ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ስሙ ወደ መካኒኩ ይዞራል።

ይህቺን የመጨረሻዋን አንቀጽ በደንብ አውቃታለሁ፤ መካኒኩ እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ኦክታቪዮ በአንዲት በደንብ ባልጠበቀች ቪቴ ምክንያት ከወንዙ አፍ በስተግራ ሁለት መቶ ሜትር የሚረዝም ጭቃ በስሙ ቀርቶበታል። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል። ጭቃው አለ። እኔ ከካሊ ከተማ ወደዚህ ከመጣሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እያንዳንዷን ቪቴ ሁለት ጊዜ ነው የማጠብቃት።

አሁን ወደ ዶኛ ዴያኒራ ኪንዮኔስ ልምጣ፤ «ዶኛ» እኛ ዘንድ እንደ «እመቤት» ያለ ማክበሪያ ነው። ዕድሜያቸው ስልሳ ስድስት ነው። ከእኛ መንደር ከሳን ባርቶ እስከ ቱማኮ ገበያ አርባ አንድ ዓመት ሰው አመላልሰዋል። ባሕሩና ወንዙ የሚገናኙበት ይህ ሰላጤ አርባ ሦስት ባለስም ደለል አለው። በረዶ ሻጩ አንድ አለው። አዋላጇ አንድ አላት። ፖሊሱ፣ ሰው ስለማይሰማ፣ ሁለት አለው። የዶኛ ዴያኒራ ዋርሳ የሆነው ካሲልዶ ደግሞ ልክ ከጀልባ ማቆሚያው ፊት ለፊት አለው፤ ባሕሩ በጎደለ ቁጥር መንደሩ በሙሉ ቡናማ ጀርባውን ያየዋል። ትልቁና መሃለኛው ደለል «አባ» ይባላል፤ የአባ ፍሮይላን ነው። በዶኛ ዴያኒራ ስም የሚጠራ አንድም የለም።

ውሃውን የተማሩት በእግራቸው ነው። እናታቸው ዛጎል ለቃሚ ነበሩ፤ ባሕሩ ሲጎድል ማንግሮቭ ከሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ ሥር እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው፣ በጣታቸው እየዳበሱ ጥቁር ዛጎል ያወጡ ነበር። ዴያኒራ ከኋላ ቅርጫት ይዛ ስትከተል የቱ ጭቃ እንደሚውጥ፣ የቱ እንደሚሸከም በተረከዟ ለየች። ሌላው ጀልባ ነጂ ደለሉን ከላይ ይገምተዋል፤ እሳቸው ከታች ረግጠውታል። ውሃው ለስልሶ ሲተኛ ጥልቅ ነው ይላሉ፤ ሲሸበሸብ ከሥሩ የሚያሳክከው ነገር አለ። ባለ ረጅም ምንቃሩ ወፍ፣ ፔሊካን፣ ቆሞ ካየህ አንተም ትቆማለህ።

እጀታውን የያዙት ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ ነው። በሠርጉ ቀን ሙሽራው ኔሜሲዮ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ሙሽሪት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስድስት ሰዓት ቆመች። ያ ደለል ዛሬም «ሙሽራው» ነው። በማግስቱ ዴያኒራ ከአልጋ ተነሥታ ቀጥታ ወደ ጀልባው ሄደች፤ ኔሜሲዮን ከኋላ አስነሥታ ከፊት አስቀመጠችው። ጀልባዋንም «ሰዓት አክባሪዋ» ብላ ሰየመች። እስከ ዕለተ ሞቱ ከፊት ተቀምጦ ኖረ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ማታ ማቆሚያው ላይ ገመድ እያሰሩ አንድ ነገር ይላሉ፦ «ዛሬም አልተቀመጥኩም።» ካሲልዶ ከበሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሆኖ በየቀኑ ይመልሳል፦ «ነገም ቀን ነው።»

ዓምና ዝናቡ በሚቀንስበት ወር ኢንጂነር ማሪሴላ መጣች። ካርታ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ከዋናው ከተማ፣ ከዚያ ከብርዱ አገር፣ የላካት የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ወደ ታች ድምፅ ልኮ ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ ይዛለች። ሰላጤውን የሚያውቅ ሰው ስትጠይቅ መንደሩ በአንድ አፍ ወደ ዶኛ ዴያኒራ ጠቆመ። አሥራ አንድ ቀን አብረው ሊሠሩ ተስማሙ። እኔም የመሣሪያዋ ሽቦ በጨው አየር እየተበላ ስላስቸገራት አብሬ መውጣት ጀመርኩ።

በስድስተኛው ቀን ማታ ረቂቁን ሥራ ቤቴ አመጣችው፤ በመንደሩ ዘይት የሌለበት ሰፊ ጠረጴዛ ያለው እኔ ጋ ነውና። ሰው ተሰበሰበ። አርባ ሦስቱም ደለሎች ቅርጻቸውና ስማቸው በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ተደርድረዋል። ካሲልዶ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ስም ሰው እንዲረሳለት ሲለምን የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን የካርቡራተር ቀዳዳ የማይበትን አጉሊ መነጽሬን ከመሳቢያ አውጥቶ ፈለገና አገኘው። ጣቱን አሳረፈበት። ደረቱ ተነፋ።

«ካሲልዶ» ብሎ አነበበ። «በመንግሥት ወረቀት።»

ከዚያ መነጽሩን ከወንዙ አፍ እስከ ክፍት ባሕሩ ድረስ በቀስታ ጎተተው። ማቆሚያውን፣ ደሴቷን፣ የማንግሮቩን ጠርዝ አየ። ተመልሶም አየ።

«ዴያኒራ፣ አንቺ የት ነሽ?»

ዶኛ ዴያኒራ ጥሩ የሠራ ሰው ዱካ አይተውም አሉ።

«ሸርጣንም ዱካ ይተዋል» አለ ካሲልዶ። «አርባ አንድ ዓመት ውሃ ላይ ኖረሽ የለሽም። በረዶ ሻጩ እንኳ አለ፤ እሱ የመጣው ትናንት ነው። ጎበዝ ስለሆንሽ እኮ ነው የጠፋሽው።»

ሰው ሳቀ። ዶኛ ዴያኒራም ከሰው ጋር ሳቁ፣ ግን ዓይናቸው ከወረቀቱ አልተነሣም። በደለሎቹ መሃል እየተጠማዘዘ የሚሄደውን ሰማያዊ መስመር በጣታቸው ተከተሉት። ይሄ ምን ይባላል ብለው ኢንጂነሯን ጠየቋት። ጥልቁ ነው፣ ጀልባ የሚያልፍበት ቦይ ነው፣ ስም አያስፈልገውም አለቻቸው። ስም የሚያስፈልገው ጀልባ የሚነካው ነገር ነው። ጥልቁ ላይ ማንም ምንም ሆኖ አያውቅም።

«እንግዲያው ይሄ ባዶው እኔ ነኝ» አሉ።

ካርታው በአሥራ አንደኛው ቀን ታሽጎ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚሠራው መቼ ነው ብንላት ማሪሴላ ያለፈው የተሠራው አያቷ ሳትወለድ ነው አለች።

በማግስቱ ጠዋት ዶኛ ዴያኒራ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣ ይዘውልኝ መጡ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከእሳቸው እጅ የተቀበልኩት ነገር ቢኖር የተሰበረ የሞተር ኤሊካ ብቻ ነው። ስለዚህ ገና ሳይቀመጡ ተጠነቀቅኩ።

«ሊሳንድሮ» አሉ፣ «ይሄ ሞተር እርጅና ተጫጭኖታል።»

«ባለፈው ሳምንት ፈታትቼ ገጥሜዋለሁ። ከእኔ ይሻላል።»

«ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ቢጠፋ አይገርመኝም።»

«እኔን ይገርመኛል።»

«ካንዴላው ትንሽ ላላ ቢል…»

«ዶኛ፣ ሞተሩ ከጠፋ ደለሉ የእኔ ነው የሚሆነው። የእርስዎ አይሆንም።»

ይህን አላሰቡትም ነበር። ከዚያ መንገድ ቀየሩ፦ አንተ እንግዳ አገር የመጣህ ሰው ነህ፣ ስም ቢኖርህ ምን ይጎዳሃል፣ ደስ ይላል እኮ አሉኝ። ደስ የሚል ከሆነ ለካሲልዶ ሁለተኛ ይስጡት አልኳቸው። ተነሡ። ዓሣውንም ይዘው ሄዱ።

በዚያው ቀን ራሳቸው ሊሞክሩት ወሰኑ። ማንም አልነገረኝም፤ ግን ባሕሩ መጉደል በጀመረበት ሰዓት ወደ ማንግሮቩ ጠርዝ ሲጠጉ ገባኝ። እዚያ ገና ማንም ያልተቀመጠበት ትንሽ ጭቃ አለ። ስህተት መምሰል ስላለበት ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ስለ ሽሪምፕ ያወሩ ጀመር። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ወደ ጭቃው ሄደች። ሃያ ሜትር፣ አሥር ሜትር፣ አምስት። በመጨረሻዋ ቅጽበት እጃቸው፣ ምላሳቸው ገና ስለ ሽሪምፕ እያወራ፣ እጀታውን ገፋ። ጀልባዋ እንደ ቅቤ ተንሸራትታ አለፈች።

ዞረው ተመለሱ። አሁንም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ዙር ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ይባስ ብሎ ጭቃውን ጨርሶ ሳይነኩ አለፉ።

«ሦስቴ ያለፍነው ለማረጋገጥ ነው አይደል፣ ዶኛ?» አለች ማሪሴላ እየጻፈች።

«ለማረጋገጥ ነው፣ ልጄ።»

ጎንበስ ብዬ ማስታወሻዋን አየሁ። «የአካባቢው ጀልባ ነጂ እጅግ ጥንቁቅ ናቸው» ይላል።

ካሲልዶ በበኩሉ ከአግዳሚው ሆኖ በአሮጌ አቅራቢ መነጽር ሲያየን ነበር። ስንመለስ ውሃው ዳር ድረስ ወርዶ ጠበቀን። እንቁላል ልትጥል ቦታ የምትመርጥ ዶሮ መሰልሽ እኮ አላቸው። ዶኛ ዴያኒራ ገመዱን አሰሩ። የዕለቱን ቃላቸውን ግን አላሉም። ለእኔ ብቻ፣ በሹክሹክታ፣ «እጄ እምቢ አለኝ» አሉ።

አሥረኛው ቀን ላይ ደረስን። የቀረው መሃለኛው፣ «አባ»፣ ነበር። ባሕሩ ጨርሶ ጎድሎ ስለነበር ደለሉ ጎኑን አውጥቶ ተኝቷል፤ ከላይ ሰባት ፔሊካኖች ቆመውበታል። ቡናማው የወንዝ ውሃ ከአረንጓዴው የባሕር ውሃ ጋር የሚጋጠምበት የአረፋ መስመር ከጎኑ ያልፋል። ማሪሴላ መሣሪያዋን ወደ ውሃ አወረደች። ዶኛ ዴያኒራ ሞተሩን አጥፍተው ደለሉን ትክ ብለው አዩት።

«ይሄ የእኔ ነው» አሉ።

ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ነው። እሳቸው እጀታ ከያዙ አምስት ዓመታቸው፤ መንደሩ በሙሉ ሴቲቱ መቼ ትቀመጣለች ብሎ ይጠብቃል። አባ ፍሮይላን ከደጋው ገና መምጣታቸው ነው፤ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ጫማ፣ በዚህ ሙቀት። ላይኛው መንደር ቅዳሴ ሊያደርሱ ተሳፈሩ። ዴያኒራ እየነዳች ፔሊካን ትቆጥር ነበር። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ከሥሯ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማች።

ጀልባ ጭቃ ከሚነካበት እስከሚቀመጥበት ድረስ አራት እስትንፋስ ያህል ጊዜ አለ አሉ ዶኛ ዴያኒራ። በመጀመሪያው ገባት። በሁለተኛው ዙሪያዋን አየች፤ ሦስት ጀልባ እየመጣ ነው። በሦስተኛው ወደ ቄሱ ዞረች።

«አባ፣ ይህችን አንድ አፍታ ይያዙልኝ፤ ገመዱን ላስተካክል» አለቻቸው።

በአራተኛው እሷ የጀልባው አፍንጫ ላይ ነበረች። ጀልባዋ ተቀመጠች። የሚያልፈው ሁሉ ያየው የቄሱን እጅ ነው። የባሰው ደግሞ አባ ፍሮይላን አደራ ነው ብለው ስድስት ሰዓት ሙሉ እጀታውን አለመልቀቃቸው ነው። ፀሐይ አናታቸውን መታ፣ ውሃ በኮኮናት ቅርፊት አጠጧቸው፤ እጃቸው ግን እዚያው ነበር።

ማሪሴላ ሳቋ እስኪያልፍላት መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። እኔ አልሳቅኩም። በአርባ አንድ ዓመቱ «ዛሬም አልተቀመጥኩም» ውስጥ አንድ ብልሽት ተደብቆ ነበር፤ እኔ ደግሞ ብልሽት ሲገኝ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ፤ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት አፍነው የኖሩት ነገር ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

«እኔ የምጽፈው ሰው የሚጠራውን ነው» አለች ማሪሴላ። «ባለስሙ ፈቅደው ከለቀቁ ግን እቀይረዋለሁ። እስከ ነገ።»

አባ ፍሮይላን ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ይኖራሉ። ስንገባ በኮኮናት ወተት የተሠራ ሽሪምፕ በሩዝ እየበሉ ነበር። ዶኛ ዴያኒራ ቆመው ተናዘዙ። ቄሱ ማንኪያቸውን አላስቀመጡም።

«አውቃለሁ» አሉ ሲጨርሱ።

«የቱን?»

«ሽሽሽ ሲል ሰምቻለሁ። ጆሮ አለኝ እኮ፣ ልጄ። ጆሮ የሥራዬ መሣሪያ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

አባ ፍሮይላን ከሽሪምፑ ላይ ቅርፊት እየላጡ ነገሩን። ከመጡ አራት ወራቸው ነበር። ቅዳሴ ላይ የሚመጣው ዘጠኝ ሰው ነው፤ አምስቱ ይተኛሉ። ጭቃው ላይ ከተቀመጡ በኋላ በመጣው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ወንዶቹ መስኮት ላይ ተንጠለጠሉ። የተቀመጠውን ቄስ ሊያዩ ነው የመጡት። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ምእመኑ በሙሉ ሳቀ።

«ከሳቁ በኋላ ግን አልሄዱም» አሉ። «እኔ እዚህ አገር ሰው የሆንኩት በዚያ ጭቃ ነው። አሁን መልሱልኝ ትይኛለሽ?»

«አዎ፣ ይመልሱልኝ።»

«የተሰጠ ይነጠቃል?»

«መቼ ሰጠሁዎት፣ አባ? ጥዬብዎት እኮ ነው።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን መስማት ይቀላል እንጂ መናገር ይከብዳል። አንድ ቄስና አንዲት መበለት በጭቃ ተጣሉ። እሳቸው ስድስት ሰዓት ፀሐይ የበላኝ እኔ ነኝ አሉ፤ እሷ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አለች። እሳቸው ደንቡን ጠቀሱ፦ እጀታ የያዘ። እሷም ደንቡን ጠቀሰች፦ ስህተቱን የሠራ። ሩዙ ቀዘቀዘ።

ሰው ሲከራከር እኔ መለኪያ ነው የምፈልገው። ማሪሴላን ወረቀቷን ዘርጊው አልኳት። ዘረጋችው። ያን ዕለት የለካችው «አባ» አንድ ደለል አይደለም። ሁለት ጉብታ ነው፤ መሃላቸው አንድ ክንድ የሚጠልቅ ስንጥቅ አለ። ወደ ባሕሩ ያለው ትልቅና አሸዋማ ነው። ወደ ወንዙ ያለው ትንሽና ለስላሳ ጭቃ ነው። የተቀመጣችሁት የቱ ላይ ነው ብዬ ጠየቅኩ።

«ጀልባ አሸዋ ሲነካ ክርርር ነው የሚለው» አሉ ዶኛ ዴያኒራ ወዲያው። «ሽሽሽ የሚለው ጭቃ ነው።»

ወደ ቄሱ ዞርን። አባ ፍሮይላን ትንሽ አሰቡ። ሊዋሹ ይችሉ ነበር።

«ሽሽሽ ነው የሰማሁት» አሉ። ወዲያው ግን ማንኪያቸውን አነሡና፣ «እንግዲያው ያልተቀመጥኩበት ትልቁ ለእኔ ይሁን» ብለው ጨመሩ።

ትንሹ ለዶኛ ዴያኒራ ሆነ። ነገር ግን ቄስ ቄስ ነው፤ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ነገ ጠዋት ማቆሚያው ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ካሲልዶ ባለበት፣ በራስሽ አፍ ትናገሪያለሽ አሏቸው። ያለዚያ ሁለቱም ጉብታ የእኔ ነው።

ዶኛ ዴያኒራ ይህን ሲሰሙ ተቀመጡ። ስም ለማግኘት ስማቸውን መክፈል ሊኖርባቸው ነው። አንድ ጊዜ ከተናገሩት ያ የማታ ማታ ቃል ለዘላለም አለቀለት። ተነሥተው ወጡ። እኔ አይናገሩትም ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ባሕሩ ጎድሎ የካሲልዶ ደለል እንደ ልማዱ ተገልጧል። ዛጎል ለቃሚዎቹ ቅርጫት ያወርዳሉ፣ በረዶ ሻጩ በመጋዝ ይቆርጣል። አባ ፍሮይላን ዣንጥላ ይዘው መጥተዋል። ዶኛ ዴያኒራ ጀልባቸው ላይ ቆሙና በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። አባ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እጀታውን ከሽሽሹ በኋላ ነው ያስያዝኳቸው።

መጋዙ ቆመ። ከዚያ ካሲልዶ ጀመረው። እየሳቀ ከአግዳሚው ተንሸራትቶ መሬት ተቀመጠ፤ ጀርባውን ሁለት ሰው መታው። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ጥለው እርስ በርስ ተደጋገፉ። ዶኛ ዴያኒራ አገጫቸውን ቀና አድርገው ጠበቁ።

በረዶ ሻጩ ግን ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ደንብ ደንብ ነው፣ ሦስት ጀልባ ያየው ቄሱን ነው፣ ለዚህኛው ምስክር የት አለ ብሎ ጠየቀ። ሳቁ ቀዘቀዘ። ትክክል ነበር። ማሪሴላ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች።

ካሲልዶ እንባውን በሸሚዙ ጠርጎ ከመሬት ተነሣ።

«ከሦስቱ ጀልባ አንዱ የእኔ ነበር» አለ። «እጀታውን አባ ይዘዋል፤ እውነት ነው። እሷ ደግሞ አፍንጫው ላይ ሆና ገመድ ታስተካክላለች። ግን እጇ ላይ ገመድ አልነበረም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ታስተካክል ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«አይተህ ዝም አልክ?» አሉ ዶኛ ዴያኒራ።

«የወንድሜ ሚስት ነሽ» አለ። «ደግሞም አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ ነው።»

ማሪሴላ ጻፈች።

የታተመው ካርታ ከአራት ወር በኋላ መጣ። በመስታወት ተደርጎ ማቆሚያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከትልቁ «አባ ፍሮይላን» አጠገብ፣ በወንዙ በኩል፣ በትንንሽ ፊደል «ዴያኒራ» ይላል። ከዚያ በኋላ ሰላም የለም። ወጣቶቹ ነጂዎች «ዴያኒራን በቀኝ ትተህ እለፍ» ይባባላሉ። ዛጎል ለቃሚዎቹ «ዴያኒራ ሥር ጥሩ ጥሩ ይገኛል» ይላሉ። ካሲልዶ ደግሞ በየቀኑ ባሕሩ ሲጎድል አፍንጫውን ይዞ ዴያኒራ ዛሬ ሸተተች ይላል። እሳቸው ይቆጣሉ፤ ቁጣው ግን ከአንገት በላይ ነው። ማሪሴላ የላከችላቸውን ቅጂ በላስቲክ አስለብጠው ከሞተሩ አጠገብ አኖሩት። ማታ ማታ ገመድ ሲያስሩ የሚሉትም ተቀይሯል፦ «ዛሬም ሁለተኛ አልተቀመጥኩም።»

ከዚያ ትልቁ ዝናብ መጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወንዙ ከላይ ግንድና አፈር እየተሸከመ ወረደ። ጭቃ ካርታ አያነብም።

ዝናቡ ሲያባራ አዲስ ካርቡራተር ገጥሜላቸው ነበር፤ ልሞክረው ከእሳቸው ጋር ወጣሁ። ከፊት ዛጎል ለቃሚዎች፣ መሃል ከደጋ የተመደበ አዲስ አስተማሪ ተቀምጧል። አስተማሪው የት እንደደረስን ጠየቀ። ዶኛ ዴያኒራ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ ነው የኖሩት። በአንድ እጃቸው እየነዱ በሌላው ካርታውን ዘረጉለት። ይሄ ወንዙ፣ ይሄ ቦዩ፣ ይሄ ቄሱ ነው አሉት። «ይቺ ደግሞ እኔ ነኝ» ብለው በጣታቸው መቱት፤ ከዚያ ቀና ብለው ከፊታችን ሦስት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ውሃ አሳዩት። «እዚያ ጋ ነው ያለሁት።»

ከሥራችን «ሽሽሽ» አለ።

የመጀመሪያው እስትንፋስ። የጣታቸው ጫፍ ካርታው ላይ ቀረ። ሁለተኛው። ዙሪያቸውን አዩ፤ ባሕሩ እየጎደለ ነው፣ ከቱማኮ በኩል ሦስት ጀልባ እየመጣ ነው፣ የመጀመሪያው የካሲልዶ ነው። ሦስተኛው። በሃያ ሁለት ዓመት አይቼባቸው በማላውቀው ጣፋጭ ፊት ወደ እኔ ዞሩ።

«ሊሳንድሮ፣ ልጄ» አሉ፣ «ይህችን አንድ አፍታ ያዝልኝ፤ ገመዱን ላስተካክል።»

ሁለቱንም እጄን ኪሴ ከተትኩ። ሞተሩም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እየሠራ ነበር።